የአጎቴ ፓራውልት

ፓራውልት የምንለው የመኪና ክፍል ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛ ነው። «ፓራ» መመከትን፣ «ኡርቲ» ግጭቶችን ያመለክታል፤ ባንድነት «ግጭት መካች» እንደ ማለት ነው። በጋራዦቻችን ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ አብዛኛው እንዲሁ የተወረሰ ነው፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ባሌስትራ ሁሉ ከዚያው መንደር የመጡ ናቸው። (ባሌስትራ በጣልያንኛ ቀስት መወርወሪያም ማለት ነው፤ በላንድሮቨር የኋላ ወንበር ተቀምጦ በኮረኮንች የተጓዘ ሰው ስሙ ያለ ምክንያት እንዳልወጣ ይመሰክራል።) ዳሩ ግን ቃሉ ግጭት መመከቱን ይናገራል እንጂ ለማን ብሎ እንደሚመክት አይናገርም። እኔ የምጽፈው ቃሉ ስለተወው ስለዚሁ ነገር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሀገር ዕድገትና ስለ ምሁር ግዴታ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ብሎንና ስለ ላሜራ ማውራት ያስቅ ይሆናል። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በአምስት ኪሎ የኃይልንና የጉልበትን ቀመር ከሰሌዳ ወደ ደብተር ስገለብጥ ኖሬ፣ ቀመሩ ሥጋና አጥንት ለብሶ ያገኘሁት አምና ክረምት ደብረ ብርሃን፣ በአጎቴ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

የአጎቴ ሀብት አንድ ላንድሮቨር ነው። ሲሪዝ 3 የሚባለው ሲሆን ረጅሙ ዓይነት ነው፤ ከፊት አክስሉ እስከ ኋላ አክስሉ 109 ኢንች፣ ማለት 2.77 ሜትር ይሆናል። ይህ ዓይነት የተሠራው ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ስለሆነ በዕድሜ እኔን እጥፍ ያህል ይበልጠኛል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር፣ ከአንኮበርም ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ገበያ እህልና ሰው የሚያመላልሱት በእርሱ ነው። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትገኝ የሚጠራውም እርሱ ነው። የአራት ልጆች ደብተርና ጫማ ከዚሁ መኪና ይወጣል።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ጦርነቱ ባለቀ ማግሥት በእንግሊዝ ሀገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ የመኪናው ገላ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ አጥንቱ፣ ይኸውም ሻንሲው፣ ብረት ሆነ። ከዚህ የተነሣ የላንድሮቨር ቆዳ እንደ ብረት አይዝግም፤ ነገር ግን በጉልበት ቢገፉት ይጎደጉዳል። ፋብሪካው ከፊት የሰጠው ፓራውልት እንደ አሸንዳ የታጠፈ፣ ዚንክ የለበሰ ተራ ብረት ነው፤ መሐሉ ላይም ክብ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ጌጥ አይደለም፤ ባትሪ ሲደክም ሞተሩን በእጅ የሚያስነሣው ማኖቬላ የሚገባበት ነው። አጎቴ ይህችን ቀዳዳ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቋታል።

አምና በኅዳር፣ ማታ ከአንኮበር ሲመለሱ፣ ጭጋግ በሸፈነው መታጠፊያ ላይ አንዲት ጊደር ድንገት ገባችባቸው። ጊደሪቱ ሞተች። ፓራውልቱ ታጥፎ የግራውን ፓራፋንጎ ወደ ጎማው ገፋው፤ ራዲያተሩም ተበሳ። የጊደሪቱ ባለቤት ከሽማግሌዎች ጋር መጥቶ ካሳውን ተቀበለ፤ በዚህ ማንም ቅር አልተሰኘም። ቅር ያሰኘው አንድ ጋራዥ ለጥገናው የጠየቀው ገንዘብ ነው፤ እርሱም ቢሆን አሮጌውን ብረት ቀጥቅጦ ከማቃናት አላለፈም። አጎቴ ያንን የተቃና ብረት በሽቦ እያሰሩ እስከ ሰኔ ቆዩ። ትምህርት ተዘግቶ ስመጣ፣ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ፣ «ምሕንድስና ነው የምትማረው አይደል? እንግዲህ ሁለተኛ እንዲህ የማያደርገኝ ነገር ሥራልኝ» አሉኝ።

ሐሳባቸውን በበትር ጭቃው ላይ ሣሉት። ከመኪና መከላከያ ይልቅ ምሽግ ይመስል ነበር። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ፣ በላዩ እስከ ራዲያተሩ አናት የሚደርስ የቱቦ አጥር፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ወደ ፊት የሾሉ ሁለት ቀንዶች። ቀንዱ ለምን እንዳስፈለገ ብጠይቃቸው «ቀንድ ያለውን በሬም ያከብረዋል» ብለው መለሱልኝ። ሐሳቡ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በመንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ፒካፕና የጭነት መኪና የሚመለከት ሰው እንዲህ ያለውን ብረት አያሌ ጊዜ ያየዋል። አሠሪው የሚጠይቀው ጠንካራ መሆኑን ነው፤ በያጁም ጠንካራ ነው ብሎ ይመልስለታል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል።

ብረቱን የገዛሁት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ነው። በመጀመሪያ አሮጌ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ሄጄ የፋብሪካውን ዓይነት ፈለግሁ፤ የተገኙት ሁለቱ ዝገት የበላቸው ነበሩ፣ ዋጋቸው ግን ዝገቱን አላወቀም። ከዚያ ወደ ምናለሽ ተራ አለፍኩ። እዚያ በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ የተጣለ ብረት ሁሉ እንደ ገና ሲወለድ ይታያል፤ የመዶሻው ድምፅ ከጧት እስከ ማታ አያቋርጥም። አንድ የምሕንድስና ተማሪ በዚያ ሰፈር አንድ ቀን ቢውል አንድ ወር ሙሉ በክፍል ከሚማረው የማያንስ ይዞ እንደሚመለስ አምናለሁ። 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ አስቆርጬ በ1.70 ሜትር ርዝመት እንደ አሸንዳ አሳጠፍኩ። ውጭው 60 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦም 4 ሜትር ገዛሁ። ሻጩ ጭነቱን አይቶ «ለአጥር ነው ወይስ ለመቃብር?» አለኝ። ነገሩን በቀልድ ነበር ያነሣው።

ደብረ ብርሃን ስደርስ አጎቴ ላሜራውን በጣታቸው አንኳኩተው «ይሄማ የቆርቆሮ ዘመድ ነው» አሉ። ክርክራችን የተጀመረው በዚህ ነው።

አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ይመዝናል። ተዘርግቶ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1.70 ሜትር ርዝመት ያለው ላሜራ በ4 ሚሊ ሜትር ሲሆን 16 ኪሎ፣ በ8 ሚሊ ሜትር ሲሆን 32 ኪሎ ይሆናል። እርሳቸው የሣሉት ምሽግ ከአጥሩና ከቀንዱ ጋር ቢሰላ 100 ኪሎ ይገባል፤ የእኔ ከነማሰሪያው 40 ኪሎ ያህል ነው። ይህም ብረት የሚሰቀለው ከፊት አክስል አልፎ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ወጥቶ ነው። ስለሆነም እንደ ሚዛን ክንድ ይሠራል፤ 100 ኪሎ ከዚያ ላይ ሲንጠለጠል የፊቱ ባሌስትራ 122 ኪሎ ይጨመርበታል፣ ከኋላው ደግሞ 22 ኪሎ ይነሣለታል። ባዶ መኪና በጭቃ ቁልቁለት ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማው መሬት መጨበጥ በሚያስፈልገው ሰዓት ማለት ነው። አጎቴ ፊዚክስ አልተማሩም፤ አህያ ግን በልጅነታቸው ጭነዋል። ጭነቱ ወደ አንገቷ የሄደባት አህያ በአልዩ አምባ ቁልቁለት ላይ ምን እንደምትሆን ሳስታውሳቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «ክብደቱን ተውኩት፤ ጥንካሬው ግን ይቅር አልልም» አሉ።

የጥንካሬው ክርክር ከክብደቱ ይልቅ ረዘመ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከማይነቃነቅ ግንብ ጋር ቢጋጭ፣ ከ6 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ቦታ በአፍጢሙ እንደ ወደቀ ያህል ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው 14 ሜትር ይደርሳል። ያ ሁሉ ጉልበት የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። መኪናው 60 ሴንቲ ሜትር እየተጨማደደ ቢቆምና 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ተጨማድዶ ቢቆም፣ በሁለተኛው ጊዜ የሚደርሰው ኃይል ዐሥር እጥፍ ነው። የማይታጠፍ ፓራውልት ግጭቱን አይበላውም፤ ተቀብሎ ለሻንሲው፣ ሻንሲውም ለወንበሩ፣ ወንበሩም ለተሳፋሪው አንገት ያቀብለዋል። ቤላ ባሬኒ የተባሉት የመርሴዲስ መሐንዲስ በ1951 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቁት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር፤ ሰው የሚቀመጥበት መካከለኛው ክፍል ጠንካራ፣ ፊቱና ኋላው ግን ሆን ተብሎ የሚጨማደድ እንዲሆን። ኩባንያውም በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጣው መኪና ላይ ሥራ ላይ አዋለው።

አጎቴ ይህን በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ የምትለው መኪና ሲሰበር ጎትቶ የሚወስደው ሌላ መኪና ላለበት ሀገር ነው። እኔ ከአልዩ አምባ በታች ራዲያተሬ ቢፈስ፣ ከኋላ የተኛችው ሴት እስኪነጋ ትጠብቀኛለች?»

ይህን መልስ ያሳጣኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ በትምህርት ክፍል ውስጥ ማንም አላነሣውም። መጽሐፎቻችን የተጻፉት አምቡላንስ በቅርብ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ በሚታሰብበት ቦታ ነው። በአንኮበር መንገድ ላይ ግን የመኪናው ከመንገድ መቅረት ራሱ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሁለታችንም ከያዝነው ለቀቅን። ላሜራው 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በእርሱና በራዲያተሩ መካከል ያለው ክፍተት ግን ከፋብሪካው በአንድ ስንዝር ይስፋ። ፓራውልቱን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ማሰሪያዎች ከሻንሲው የሳሱ ይሁኑ፤ ከባድ ግጭት ሲመጣ በቅድሚያ እነርሱ እንዲታጠፉ፣ ራዲያተሩም ስንዝሩን እስኪያልቅ እንዲድን። በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ያዝኩ፤ የመጎተቻው መንጠቆ ከፓራውልቱ ጋር አይገናኝም፤ ለብቻው በራሱ ብሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። እንዲታጠፍ በተሠራ ብረት በጭቃ የተዋጠ መኪና አይጎተትም፤ ተነቅሎ የሚወረወር መንጠቆ እንደ ጥይት ነው።

በያጁ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ እጁ እንደ ጸሐፊ እጅ አይንቀጠቀጥም። ዓይኑን የሚከልለው ግን በተራ የፀሐይ መነጽር ነው። የብየዳ ብርሃን የዓይንን ገጽ እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ያቃጥለዋል፤ ማታ አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ይቆረቁራል፣ የፀሐይ መነጽርም ለዚህ አይበቃም። የአሮጌውን ፓራውልት ጫፎች ቆርጠን ለማሰሪያው ልንጠቀምባቸው ስለ ነበር፣ የለበሱትን ዚንክ በግራይንደር ሳልፈገፍግ እንዳይበይድ ለመንኩት። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጢስ ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያስይዛል። እርሱ «ወተት እጠጣበታለሁ» አለኝ። ወተቱ ይጠጣ፤ ለጢሱ ግን መድኃኒቱ ንጹሕ አየርና ዚንኩን ቀድሞ ማስወገድ ነው። በመጨረሻ የእኔን የፊት መከለያ ወስዶ እስከ ምሽት አልመለሰልኝም፤ በዚህ ደስ አለኝ።

ከእርሱ ደግሞ እኔ የተማርኩት አለ። ረጅም ስፌት ባንድ ትንፋሽ ከተበየደ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሙዝ ይመስላል። እርሱ በመጀመሪያ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ሁሉን ያዘው፤ ከዚያ በግራ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር፣ በቀኝ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ መሐል እያለ እንደ ሸማኔ ተመላለሰበት። ሲያበቃ ክር ዘርግተን ብንለካው ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አልተጣመመም። ዝናቡ በየሰዓቱ ያቋርጠን ነበር፤ መብራትም ሁለት ጊዜ ጠፋ። ወደ ሻንሲው የሚገባው ሁሉ በብሎን እንጂ በብየዳ እንዳይሆን ተስማማን፤ ብየዳ የሻንሲውን ብረት ያደክማል፣ የታጠፈውንም ማሰሪያ ፈትቶ ለመቀየር አያስችልም። ብሎኖቹ ራሳቸው ላይ 8.8 የተጻፈባቸው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ናቸው። በላሜራው መሐል የማኖቬላዋን ቀዳዳ በሥፍራዋ በሳን። በቱቦው ሆድ ሥርም ውሃ የሚወርድባቸው ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አበጀን፤ ተደፍኖ የቀረ ቱቦ ከውስጥ ሲዝግ ከውጭ ቀለሙ ያማረ ሆኖ ይቆያል።

የቱቦው አጥር ከፍታ ግን እስከዚያ ቀን አልተቆረጠም ነበር። አጎቴ ከመሬት 1.10 ሜትር እንዲደርስ ይፈልጉ ነበር። ቱቦውን በገመድ አንጠልጥለን ልኩን ስናይ የሜትሩን ጫፍ መሬት ላይ የምትይዝልኝ የእርሳቸው የመጨረሻ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ ስድስት ነው። ሜትሩን ረግጣ ቀና ስትል ቱቦው ከግንባሯ ጋር ትክክል ሆነ። ከሥሩ ያለው አግዳሚ ደረቷ ላይ ዐረፈ። ማንም ምንም አላለም። እርሷ ሣቀች። አጎቴ ጥቂት ቆይተው «ነይ ከዚያ ውጪ» አሏት።

ማታ ቡና ላይ «እኔ እኮ ልጅ አልገጭም» አሉኝ፤ ማንም ስላልከሰሳቸው ለራሳቸው የተናገሩት ይመስለኛል። ጊደሪቱንም ሊገጩ አስበው አልወጡም ነበር አልኳቸው። በእርግጥ የላንድሮቨር ፊት ድሮውንም ለእግረኛ ደግ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ቢሆንም የአሉሚኒየም ገላ ጥቂት ይጎደጉዳል፤ ብረት ቱቦ ግን ምንም አይሰጥም፣ ቀንድ ደግሞ ግጭቱን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። በዚያ መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄደው ሰው ከተሳፋሪው ስንት እጥፍ እንደሚበዛ አጎቴ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። የገበያ ቀን ሌሊቱን ተነሥተው በጭጋግ ውስጥ በመንገዱ ጠርዝ የሚጓዙት ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ስለ ፓራውልት የወጡት ሕጎች ራሳቸው ወደዚህ ሐሳብ የመጡት ዘግይተው ነው። አሜሪካ ለ1973 እ.ኤ.አ. መኪኖች ያወጣችው ደንብ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ግጭት መብራትና የነዳጅ ክፍል እንዳይጎዳ የሚያዝ ነበር፤ እግረኛ በዚያ ውስጥ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከመኪና ፊት የሚገጠም ማናቸውም ተጨማሪ መከላከያ የሰውን እግርና የልጅን ጭንቅላት በሚመስል መሣሪያ እየተመታ እንዲመረመር አዘዘ። የህንድ የመንገድ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ያልተፈቀዱትን የብረት መከላከያዎች ክልሎች እንዲያስወልቁ ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በ2021 እ.ኤ.አ. በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል መሆኑንና ከመቶው 23 እግረኞች መሆናቸውን ገልጿል። በደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ የልጅ ጭንቅላት አምሳል የሚወረውር መሣሪያ የለም። የነበረው አንድ ሜትርና አንዲት ልጅ ነው፤ ለእኛ እርሱ በቅቶናል።

በማግሥቱ አጥሩን ወደ አንድ ዝቅተኛ ቅስት ለወጥነው፤ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ራዲያተሩን ከድንጋይና ከዱላ ይጠብቃል እንጂ ከፍ ብሎ አይወጣም። የላሜራውን ጫፎች ወደ ኋላና ወደ ላይ አጠፍናቸው፤ ጎማው ከፓራውልቱ ቀድሞ ድንጋዩን እንዲያገኝ፣ ሰው ልብስም እንዳይዝ። ጠርዙን ሁሉ በግራይንደር አደንቁሬ መዳፌን እያሳለፍኩ ፈተሽኩት። ቀንዱ ቀረ። በእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ስናወጣው 41 ኪሎ ሆነ። ዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ጥቁር ቀለም። የአጎቴ ጓደኞች እየዞሩ አይተው «አላለቀም እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ አጎቴም «ልጁ ነው እንዲህ ያለው» እያሉ ኃላፊነቱን በእኔ ላይ ጣሉ።

ዘንድሮ ለጥምቀት ስሄድ መጀመሪያ የፈተሽኩት እርሱን ነው። በቀኝ ማሰሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ስፌት ላይ ዝገት ብቅ ብሏል፤ ፍቆ መቀባት ይፈልጋል። ግራው ማሰሪያ ጥቂት ታጥፏል፤ በታኅሣሥ ከአንድ የድንጋይ ካብ ጋር ተላትመው እንደ ነበርና ራዲያተሩ እንዳልተነካ ነገሩኝ። ቅያሪውን ለማሠራት ልኩን ስወስድ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ወንፊት ላይ አንድ አዲስ ነገር አየሁ። እውነተኛ የበሬ ቀንድ ነው፤ በቀጭን ሽቦ ታስሯል፣ ሲነኩት ይወዛወዛል። ወደ አጎቴ ዞር አልኩ። እርሳቸው ምንም ሳይሉ ቀረብ ብለው በጣታቸው አሳዩኝ፤ ጫፉን በመጋዝ ቆርጠው በሞረድ አለስልሰውታል።